ስለ ቤት ሥራ መቀዛቀዝና ስለ ዕድራችን ገንዘብ

(በዓመታዊው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ ነጋዴም መሐንዲስም አይደለሁም። ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የጨረስኩ፣ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ የዕድራችን ተቀማጭ ገንዘብ ገና ላላለቀ ሕንፃ የሱቅ ቀብድ ይሁን የሚል ሐሳብ ስለ ቀረበ፣ ዝም ማለት አላስቻለኝም።

እንደሚታወቀው የሠፈራችን ሰው ድሮ ቤት የሚሠራው በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነበር። ማገሩም ወራጁም ከተራራው ይወርዳል፤ ጭቃውን ጎረቤት ተሰብስቦ ይመርጋል፤ አቅም ሲገኝ አንድ ክፍል ይቀጠላል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አይፈቀድም ተባለ። በ1986 ዓ.ም. ሊዝ መጣ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ኮንዶሚኒየም ተጀመረ፤ ከእኛም መሐል ዕጣ የወጣላቸው የካ አባዶ ገቡ። በሲኤምሲ፣ በአያት፣ በኮተቤ መንገድ ፎቁ እንደ አሸን ፈላ።

አሁንሳ? ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ስትሄዱ አጣናው እንደ ተደገፈ፣ ፌሮው እየዛገ የቆመ ሕንፃ ታያላችሁ። ደላላውን ብትጠይቁት ገዢ ጠፋ ይላችኋል። ሻጩ ግን ዋጋ አይቀንስም፤ ብሩን ይዤ ምን ልገዛበት ነው ይላል።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ወሰነ። ገደቡ ቆየት ብሎ ከፍ ቢደረግም፣ በብድር የሚሠራውም የሚገዛውም በዚያን ጊዜ እጁ አጠረ። ቀጥሎም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አለፈ። ሊፍቱ፣ መስተዋቱ፣ የመብራት ገመዱ ከውጭ የሚመጣ ነው። በድሮ ዋጋ የተዋዋለ ሠሪ በአዲሱ ዋጋ ከየት አምጥቶ ይጨርስ?

የገዛ ወንድሜ ልጅ በዚህ ተይዟል። በ2013 ዓ.ም. ቀብድ ከፈለ፤ በሦስት ዓመት ትረከባለህ ተባለ። ሕንፃው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆሟል፤ ጭራሽ ጨምር የሚል ደብዳቤ መጣለት። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ውሉን ግን እኔ ራሴ አነበብኩት፤ ዋጋ ሊጨምር እንደሚችል በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ልጁ ሳያነብ ነው የፈረመው።

ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድሞች ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ ዋጋው እየወረደ ነው ብለዋል። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ይህ ገንዘብ የሬሳ ሳጥን መግዣ፣ የሐዘንተኛ ማስተዛዘኛ ነው። ሞት ሕንፃው እስኪያልቅ አይጠብቅም። በአንድ ወር ሦስት ሰው ቢሞትብን ለባለ ሐዘኑ የቀብድ ደረሰኝ ልንሰጠው ነው?

ስለሆነም የኔ ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ለአንድ ዓመት ቀብር የሚበቃው ገንዘብ አይነካ። ሁለተኛ፣ በተረፈው ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ዛሬውኑ እንግዛ፤ ለኛም ያገለግላል፣ ለሠርግ ሲከራይም ገቢ ያመጣል። ሦስተኛ፣ ሱቅ ካስፈለገ ያለቀ፣ ካርታው የታየ፣ ቁልፉ የሚረከቡት ይሁን። የሪል ስቴት አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ወጥቷል፤ አዋጅ መኖሩ መልካም ነው፤ ግን አዋጅ ውል አያነብልንም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልቀመጥ። ከመሐላችን ግንበኞችና የቀን ሠራተኞች አሉ። ሥራው ሲቆም መዋጯቸው ተቋርጧል፤ ደንቡ ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዝ ይላል። እነዚህ ሰዎች ሬሳ ሲወጣ ከፊት የሚሸከሙ ናቸው። እባካችሁ፣ ሥራ እስኪገኝ ስድስት ወር እንታገሳቸው። የካ አባዶ የሄዱትንም ራቃችሁ ብለን አንሰርዝ። ቤት ቢፈርስም ቢሠራም ዕድር የሚቆመው በሰው ነው።

 ፈጣሪ ለከርሞ በጤና ያገናኘን።