ፕሮግራም ሲታገድ ስለሚደረግ ምርመራ

(በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ኮምፒዩተር ክፍላችን ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ደስ ብሎናል። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከዳንግላና ከእንጅባራ አካባቢ የምንመጣ ብዙዎቻችን ኮምፒዩተር የምናገኘው በትምህርት ቤት ብቻ ስለ ሆነ፣ አንዱ ሲታወክ የብዙ ሰው ትምህርት ይቋረጣል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንድ ተፈታኞች በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፣ ነገሩ የጨዋታ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመን እንዲህ ያለው ነው። የተጫነ የትምህርት ፕሮግራም ሲከፈት ነጭ ገጽ ብቻ ያሳያል፤ ወይም «ስክሪፕት ኤረር» የሚል ሣጥን ብቅ ይላል። ያን ጊዜ አንዱ «ፕሮግራሙ ተበላሽቷል፣ እንደ ገና ይጫን» ይላል። ሌላው ይብስና «አንቲቫይረሱን አጥፉት፣ ጥበቃውን ሁሉ አንሡት» ብሎ ይመክራል። ይህን ሁለተኛውን ምክር አጥብቀን እንቃወማለን። ማሳውን ያጠረ ገበሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር በር ይከፍታል እንጂ አጥሩን አያፈርስም።

ስክሪፕት ማለት ከገጹ ጋር መጥቶ በእኛው ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ለደግም ለክፉም ይውላል። በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. የፍቅር ደብዳቤ መስሎ በኢሜይል የተላከ ተንኮለኛ ስክሪፕት ከፊሊፒንስ ተነሥቶ በጥቂት ቀን ዓለምን አዳርሷል። ጥበቃው የተበጀው እንዲህ ያለውን ለመከልከል ነው።

ታዲያ የገጽ ማሳያው ጥበቃ ሌላውን ፕሮግራም ለምን ያግዳል? ብዙ የቆዩ ፕሮግራሞች የራሳቸው ገጽ ማሳያ የላቸውም፤ የኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ሞተር ይዋሳሉ። ኤክስፕሎረር ራሱ ሰኔ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ጡረታ ወጥቷል፤ ሞተሩ ግን እስከ ዛሬ በዊንዶውስ ውስጥ አለ፤ የተዋሰውም ፕሮግራም ለእርሱ ሴቲንግ ይገዛል። ስለዚህ ያው ገጽ በክሮም ቢከፈት ምንም አያስረዳም፤ ክሮም የራሱ ሕግ አለው።

ምርመራው በቀላሉ ይጀመራል። ፕሮግራሙን በጎረቤት ኮምፒዩተር፣ ወይም በዚያው ኮምፒዩተር በሌላ ተጠቃሚ ስም መክፈት ነው። እዚያ ከሠራ ፕሮግራሙ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ የተለየው ሴቲንጉ ሳይሆን አይቀርም። ቀጥሎ በኮንትሮል ፓነል «ኢንተርኔት ኦፕሽንስ»፣ ከዚያም «ሴኩሪቲ» ይከፈታል። እዚያ አራት ዞኖች ይታያሉ (የእኛ አዊም ዞን ነው፤ ይህ ግን ሌላ ነው)። የኢንተርኔቱ ዞን «ሃይ» ላይ ከተደረገ ስክሪፕት ሁሉ ይዘጋል። ቫይረስ ያስፈራው ሰው ከፍ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ወደ ነበረበት መመለስ፣ ወይም በ«ከስተም ሌቭል» ውስጥ «አክቲቭ ስክሪፕቲንግ» የሚለውን አንዱን ብቻ መፍቀድ ይበቃል። ፕሮግራሙ ትምህርቱን ከአንድ ከታወቀ አድራሻ የሚያመጣ ከሆነ ደግሞ ያን አድራሻ ብቻ «ትረስትድ ሳይትስ» ውስጥ ማስገባት ከሁሉ ይሻላል።

ከኢንተርኔት የወረደ የመመሪያ መጽሐፍ ባዶ ገጽ ሲያሳይ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ዊንዶውስ ከውጭ ለመጣ ፋይል ማኅተም ያደርግበታል። በ«ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «አንብሎክ» የሚለው ማኅተሙን ያነሣል፤ ይህም ፋይሉ ከየት እንደ መጣ ከታወቀ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ጓደኞቻችን ልብ እንዲሉ እንለምናለን፤ በፍላሽ የተቀዳ ፋይል ብዙ ጊዜ ማኅተሙን በመንገድ ይጥላል። ስለዚህ ያለ ክልከላ መከፈቱ ንጹሕ መሆኑን አያሳይም። እኛ ደግሞ ፋይል የምንለዋወጠው በፍላሽ ነው።

ሴቲንጉ ግራጫ ሆኖ አልነካ ካለ፣ አስተዳዳሪው ሆን ብሎ ዘግቶታል ማለት ነው፤ ኃላፊውን መምህር መጠየቅ ይገባል። በፈተና አዳራሽ ባለ ኮምፒዩተር ላይ ግን ምንም አይነካም። ነጭ ገጽ የታየው ተማሪ እጁን አንሥቶ ለፈታኙ ይንገር፤ ሰዓቱ እየሄደ ነውና ወዲያውኑ ይንገር።