ርካሽ የፕላስቲክ አውሮፕላን ከመግዛታችን በፊት ምን እንመልከት?

(በካርቱም ለስደተኛ ወላጆችና ወጣቶች የተሰጠ ንግግር)





ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ሊመስል ይችላል። የስደተኛ መታወቂያ፣ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ጉዳይ እያለ ስለ መጫወቻ አውሮፕላን ማውራት ምን ይባላል የሚልም ይኖራል። ይሁን እንጂ ጥያቄው የመጣው ከእናንተው ነው። ልጆቻችን በእጅ ሥራ ሰዓት የሚገጣጠም የፕላስቲክ አውሮፕላን መሥራት ከጀመሩ ወዲህ፣ «የትኛውን እንግዛላቸው? ርካሹ ይጠቅማል ወይስ ገንዘብ መጣል ነው?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁናል። የምትከፍሉት ገንዘብ ከሻይ ሽያጭ፣ ከቤት ሠራተኝነትና ከቀን ሥራ የተገኘ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ በአንድ ሳጥን መታለል ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከገንዘቡም በላይ አንድ ነገር አለ። ክንፉ አልገጥም ያለው ልጅ ጥፋቱን በፕላስቲኩ ላይ አያሳብብም። «እኔ አልችልም» ብሎ ይተወዋል። በስደት ላይ ብዙ ነገር ያልሆነለት ልጅ አንድ ነገር ጀምሮ መጨረሱ ትልቅ ዋጋ አለው። እኛም ጥሩ ሞዴል የምንለው ልጁ በገዛ እጁ ሊጨርሰው የሚችለውን ነው።

ርካሽ ሁሉ መጥፎ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1939 ኒኮላስ ኮቭ የተባለ የሀንጋሪ ተወላጅ ስደተኛ ለንደን ውስጥ ኤርፊክስ የሚባል ኩባንያ አቋቋመ። ሥራውን የጀመረው በአየር በሚነፋ የጎማ መጫወቻ ነበር፤ በኋላም የፕላስቲክ ማበጠሪያ ወደ ማምረት ገባ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1952 «ጎልደን ሃይንድ» የተባለችውን የጥንት መርከብ ተገጣጣሚ ሞዴል አውጥቶ በዉልዎርዝ መደብሮች በ2 ሺሊንግ መሸጥ ጀመረ። ዋጋው እንዲወርድ ሲባል ሳጥኑ ቀርቶ በላስቲክ ከረጢት ተደረገ። አውሮፕላኖቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ከእነዚህ ርካሽ ከረጢቶች ተነስቶ ኤርፊክስ በዓለም የታወቀ የሞዴል ስም ሆነ።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሞዴል የሚሠራው የቀለጠ ፕላስቲክ በኃይል ወደ ብረት ፎርማ ተገፍቶ ሲቀዘቅዝ ነው። ዋናው ወጪ ፎርማው ነው፤ ፕላስቲኩ ግን ብዙ አያወጣም። ፎርማው በጥንቃቄ ተሠርቶ ወጪውን ከመለሰ በኋላ፣ ከእሱ የሚወጣው ሞዴል ረክሶም ጥሩ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ፎርማው ካረጀና ጠርዙ ከተበላ፣ ሳጥኑ የቱንም ያህል ቢያምር የሚወጣው ሥራ የተበላሸ ነው። አንድ ፎርማ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሊሠራበት፣ ሳጥኑና ሥዕሉም በየጊዜው ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ በሳጥኑ ላይ የታተመው ዓመት የፎርማው ዕድሜ ማስረጃ አይሆንም።

በሱቅ ውስጥ የሚታዩ ነገሮች

አንደኛ፣ መጠኑን እንጠይቅ። በሳጥኑ ላይ 1/72 ወይም 1/144 የሚል ቁጥር ይገኛል። 1/72 ማለት እውነተኛው አውሮፕላን ሰባ ሁለት ጊዜ አንሶ ተሠራ ማለት ነው። ምሳሌ እንስጥ። የዲሲ-3 አውሮፕላን ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ያህል ነው። በ1/72 ሲሠራ 40 ሳንቲ ሜትር፣ በ1/144 ሲሠራ 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የሳጥኑ ትልቅነት ግን ምንም አይነግረንም፤ በትልቅ ሳጥን ውስጥ ትንሽ አውሮፕላን ማግኘት የተለመደ ነው። ይህ ቁጥር ጨርሶ ከሌለ ሞዴሉ ለሳጥኑ ልክ ተብሎ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል እንጠንቀቅ።

ሁለተኛ፣ ሳጥኑ እንዲከፈት በትሕትና እንጠይቅ። ሻጩ እምቢ ካለ ሳጥኑን ቀስ ብለን እናወዛውዘው። ብዙ ነገር ከተንኳኳ ክፍሎቹ ከተያያዙበት ዘንግ ላይ ረግፈዋል ማለት ነው፤ የጎደለም ሊኖር ይችላል። ከተከፈተልን ደግሞ በመመሪያው ወረቀት ላይ ካለው ሥዕልና ቁጥር ጋር እናስተያየው።

ሦስተኛ፣ ጠርዙን እንይ። በክፍሎቹ ዙሪያ እንደ ወረቀት የሳሳ ትርፍ ፕላስቲክ ካለ ፎርማው አርጅቷል፣ ወይም በደንብ አልተዘጋም። ጥቂት ከሆነ በምላጭና በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ትንንሾቹን ክፍሎች፣ ለምሳሌ ጎማና የሞተር መዘውር፣ እስኪሸፍን ድረስ ከበዛ ግን ልጅ የሚጨርሰው ሥራ አይደለም።

አራተኛ፣ ስርጉድና ጉድለት እንፈልግ። ፕላስቲኩ ወፈር ባለበት ቦታ ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ይህ መልክ ያበላሻል እንጂ መገጣጠሙን አያግድም። የክንፍ ጫፍ ወይም የጎማ እግር ሳይሞላ ከቀረ ግን ሌላ ነው፤ የሌለውን ክፍል ማንም አይጠግነውም።

አምስተኛ፣ ቀጥ ማለቱን እንመርምር። የአውሮፕላኑን አካል ሁለት ግማሾችና ክንፎቹን በርዝመታቸው ወደ ዓይናችን አቅጣጫ አድርገን እንመልከት። የካርቱም ሙቀት የታወቀ ነው፤ ዕቃ ተጭኖበት ፀሐይ ላይ የዋለ ሳጥን ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ሊጣመም ይችላል። በትንሹ የተጣመመውን ሞቅ ባለ ውኃ አለስልሶ ማቅናት ይቻላል። የፈላ ውኃ ግን ጨርሶ ያበላሸዋል።

ስድስተኛ፣ የመስኮቱን ፕላስቲክና ተለጣፊ ምልክቶቹን አንርሳ። ብርሃን አሳላፊው ክፍል ከተሰነጠቀ ወይም ከደበዘዘ መልሶ አይጠራም። ተለጣፊዎቹ ቢጫ ከሆኑ ወይም ከተሰነጣጠቁ ውኃ ውስጥ ሲገቡ ይበጣጠሳሉ። ነገር ግን ለዚህ ብቻ ብላችሁ ጥሩ ሞዴል አትተዉ፤ ምልክቱን ልጁ በቀለም ሊሥለው ይችላል።

ለጀማሪ የክፍሎቹ ቁጥር ማነሱ ጉድለት አይደለም። ሃያና ሠላሳ ክፍል ያለውና በደንብ የሚገጥም ሞዴል፣ መቶ ክፍል ካለውና ከማይገጥመው ይበልጣል።

ቤት ከገባ በኋላ

ክፍሎቹ ከፎርማው ሲወጡ የቀረ ቅባት ስለሚኖርባቸው በሳሙናና በለብ ያለ ውኃ ታጥበው ይድረቁ። ከዘንጉ ላይ በእጅ ጠምዝዞ መገንጠል ስለሚጎዳቸው የጥፍር መቁረጫ እንጠቀም። ማጣበቂያ ከመንካታችን በፊት ሁለቱን ግማሾች አጋጥመን በላስቲክ አስረን ወደ ብርሃን እናንሳ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ክፍተት ችግር የለውም። ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካለ ግን መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት መስተካከል አለበት። አንዴ ከተጣበቀ በኋላ መመለሻ የለውም።

ያልተጻፈው ወጪና የማስቲሽ አደጋ

በሳጥኑ ላይ የምናየው ሥዕል ቀለም የተቀባውን ነው። ውስጥ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ወጥ ቀለም ያለው ፕላስቲክ ሲሆን፣ ማጣበቂያውና ቀለሙ ለብቻ ይገዛሉ። ስለዚህ እውነተኛው ዋጋ የሁሉም ድምር ነው። ያለ ማጣበቂያ ተጫኖ የሚገጥመው ዓይነት ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም እንኳ በመጨረሻ ሊረክስ ይችላል፤ ለትንንሽ ልጆችም የሚመረጠው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ወላጆችን አጥብቀን የምናሳስበው ጉዳይ አለ። ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ የጫማ ማስቲሽ ለልጆች አትስጡ። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ማስቲሽ የሚስቡ ልጆችን አይተናል። በካርቱምም ሲልሲዮን የሚባለው ማጣበቂያ የጎዳና ልጆችን ሲያደነዝዝ አይተናል። ይህ ሽታ አንጎልንና ሳንባን ይጎዳል፤ ሱስም ያስይዛል። ደግሞም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ወፍራም ስለሆነ መጋጠሚያውን ያበላሻል። ለሞዴል ተብሎ የተሠራው ማጣበቂያም ቢሆን የፕላስቲኩን ገጽ አቅልጦ የሚያያይዝ ነውና ሽታው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሥራው መስኮትና በር ተከፍቶ፣ አዋቂ ባለበት ይሁን፤ ጠርሙሱም ሥራው ሲያበቃ ከወላጅ ወይም ከአስተማሪ እጅ ይግባ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በቤቱ ካለ ትንንሾቹ ክፍሎች ጉሮሮ ላይ ስለሚሰነቀሩ ከእሱ ይራቁ።

የትኛውን አውሮፕላን?

በገበያ ላይ የሚበዙት የጦር አውሮፕላኖች ናቸው። ከልጆቻችን መካከል ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነቱ ሲጀመር የቦምብ ድምፅ ሰምተው አልጋ ሥር የተደበቁ አሉ። ለእንደዚህ ያለ ልጅ የጦር አውሮፕላን ይዘን ከመሄዳችን በፊት ልጁን እንጠይቀው። እኛ የምንመክረው የመንገደኛ አውሮፕላን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. አፕሪል 8 ቀን 1946 ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በሲ-47 አውሮፕላን ሲሆን፣ ይህም የዲሲ-3 ወታደራዊ ዓይነት ነው። ይህን አውሮፕላን ኤርፊክስን ጨምሮ የተለያዩ ኩባንያዎች በ1/72 ሠርተውታል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩን ልጁ ራሱ ይቀባዋል፤ እግረ መንገዱንም ታሪኩን ይማራል።

በመጨረሻም፣ አንዱ ቤተሰብ ብቻውን መግዛት ካልቻለ ሦስት ወይም አራት ልጆች አንድ ሞዴል በጋራ ይሥሩ። አንዱ ይቁረጥ፣ አንዱ ያለስልስ፣ አንዱ መመሪያውን ያንብብ። የተጣመመ ወይም የጎደለ ሞዴል በእጁ የገባበት ወላጅም አይጣለው፤ ወደ እጅ ሥራው ክፍል ያምጣው። ከሁለት የተበላሹ አንድ ጥሩ ይወጣል፤ ጀማሪዎችም መቁረጥና ማለስለስ ይለማመዱበታል።