ከሹክሹክታ ወደ መዝገብ
በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት ለመከላከል የተደረገው ትግል አጭር ታሪክ



በአራዳ፣ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ለአርበኞች በተከለለው መካነ መቃብር የአንዲት እንግሊዛዊት መቃብር ይገኛል። ሚስ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን በያዘችበት በ1928 ዓ.ም. «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ በአገራቸው አቋቁመው ስለ ኢትዮጵያ ነፃነት ሲሟገቱ ከቆዩ በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም. መኖሪያቸውን ወደ አዲስ አበባ አዛወሩ። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት ዐርፈው በዚሁ ሥፍራ በክብር ተቀበሩ። ወደ ካቴድራሉ የሚመጣው ሰው የሚያስታውሳቸው በኢትዮጵያ ወዳጅነታቸው ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን ለእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት ታግለው ደጋግመው ታስረዋል፤ በእስር ቤትም የረኃብ አድማ ባደረጉ ጊዜ በግድ እንዲመገቡ ተደርገዋል።

ከመቃብሩ ጥቂት የእግር መንገድ አለፍ ብሎ የፓርላማው ሕንፃ ቆሟል። የዚህ ንግግር ርእሰ ጉዳይ በእነዚህ ሁለት ሥፍራዎች መካከል ያለ ነው ማለት ይቻላል። ሴት ልጅ በመንገድ፣ በቤትና በሥራ ቦታ ከሚደርስባት ጥቃት እንድትጠበቅ የተደረገው ትግል፣ በአንድ ወገን የደረሰባቸውን ለመናገር የቈረጡ ሴቶች፣ በሌላ ወገን ሕግ የሚያወጣ ምክር ቤት የተገናኙበት ታሪክ ነው። ሁለቱን ያገናኘው ድልድይ ምን ነበር ቢባል፣ መልሱ መዝገብ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል ለዚህ ታሪክ ከሌላ ከማናቸውም ይልቅ ይስማማዋል።

ነገሩን ከሚስ ሲልቪያ ዘመን መጀመር ይጠቅማል። በኅዳር 1903 ዓ.ም. 300 ያህል ሴቶች የመምረጥ መብት ለመጠየቅ ወደ ለንደኑ ፓርላማ ባመሩ ጊዜ፣ ፖሊሶችና በዙሪያው የነበሩ ወንዶች ለሰዓታት አንገላቷቸው፤ የብዙዎቹንም ገላ በነውረኛ አኳኋን ደፈሩ። ዕለቱ «ጥቁር ዓርብ» ተብሎ ይታወሳል። ጄሲ መሪ የተባሉት ሐኪምና ጋዜጠኛው ሄንሪ ብሬልስፎርድ 135 የምስክርነት ቃሎችን ሰብስበው አቀረቡ፤ ከእነዚህም 29ኙ ወሲባዊ ነውር መፈጸሙን የሚገልጹ ነበሩ። የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል ጉዳዩ በይፋ እንዲመረመር የቀረበውን ጥያቄ አልተቀበሉም። ሆኖም ቃሉ ተጽፎ ስለ ነበር፣ ዘመን ካለፈ በኋላም ሊካድ አልቻለም።

በኢትዮጵያም ጥቃቱ የታወቀ ነበር፤ ያልነበረው መዝገቡ ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ጠለፋ ነው። ልጃገረዲቱ ከምንጭ ውኃ ቀድታ ወይም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠላፊው ከጓደኞቹ ጋር አድፍጦ ይይዛታል፤ ወደ ዘመድ ቤት ወስዶ ይዘጋባታል፤ ክብረ ንጽሕናዋንም በኃይል ይደፍራል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌዎቹ የሚነጋገሩት ከአባቷና ከወንድሞቿ ጋር ነው፤ የሚነጋገሩበትም ጉዳይ ካሳ፣ ዕርቅና ደም እንዳይፈስ መጠንቀቅ ነው። ልጅቱ ግን በሸንጎው አትገኝም፤ ቃሏን የሚጠይቅም የለም። ሌላ ባል አታገኝም ስለሚባል ለጠላፊዋ ትዳራለች። ገበናውም ተሸፈነ ይባላል። የተረፈው የሴቶቹ ሹክሹክታ ብቻ ነው።

ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. የታወጀው፣ ስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋንም ሆነ አስገድዶ መድፈርን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። ይሁን እንጂ በአንቀጽ 599፣ የተደፈረችው ሴት በነፃ ፈቃዷ ከደፈራት ሰው ጋር የጸና ጋብቻ ከፈጸመች የወንጀል ክስ እንዳይቀርብ የሚያደርግ በር ተከፈተ። ስለ ጠለፋም ተመሳሳይ ድንጋጌ በአንቀጽ 558 ገብቶ ነበር። ሕጉ «በነፃ ፈቃድ» ይበል እንጂ፣ በጠላፊዋ ዘመዶች ቤት ተዘግቶባት፣ በዕርቁ ማግሥት የምትጠየቅ የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ፈቃድ ምን ያህል ነፃ ሊሆን እንደሚችል ለመገመት የሕግ ዐዋቂ መሆን አያስፈልግም። በሥራ ላይ በዋለ ጊዜ የሽማግሌው ዕርቅ የዐቃቤ ሕጉን ክስ ያስቀረው ነበር። ሕጉ ሲታወጅ በሕዝብ የተመረጠች አንዲት ሴት እንኳ በፓርላማው ውስጥ አልነበረችም፤ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የተመረጡት ከዚያ በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. ነው።

በአብዮቱ ዘመን፣ በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1973 ዓ.ም. መጨረሻም ኢትዮጵያ በሴቶች ላይ የሚደረገውን ማናቸውንም ዓይነት አድልዎ ለማስወገድ የወጣውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አጸደቀች። አንቀጽ 599 ግን በነበረበት ቆየ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶችን ከጎጂ ልማዶች ተጽዕኖ የማላቀቅን ግዴታ በመንግሥት ላይ ሲጥል፣ በሕገ መንግሥቱና በወንጀለኛ መቅጫው መካከል የነበረው ተቃርኖ ገሃድ ወጣ።

ተቃርኖውን ወደ ችሎት ያወጡት ጥቂት ሴት የሕግ ባለሙያዎች ናቸው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ1988 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፣ የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ቀደም ሲል የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩና ሕገ መንግሥቱን ላረቀቀው ኮሚሽን በሕግ አማካሪነት ያገለገሉ ነበሩ። ማኅበሩ ከሁሉ አስቀድሞ ያደረገው ነገር ቀላል የሚመስል ነበር። በሩን ከፍቶ፣ ክፍያ ሳይጠይቅ፣ የመጣችውን ሴት ቃል ተቀብሎ ጻፈ። ከዚያም በኋላ ጥቃት የደረሰባት ሴት ታሪክ በጎረቤት ጆሮ የሚቀር ወሬ መሆኑ ቀርቶ ቁጥር ያለው፣ ቀን የተጻፈበት፣ ጠበቃ የሚከታተለው ጉዳይ ሆነ።

በዚያው ዘመን ከአርሲ የመጣው ጉዳይ የሥራውን ክብደት ለአገሩ ሁሉ አሳየ። የ14 ዓመት ልጃገረድ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ በመጡ ወንዶች ተጠለፈች፤ ተደፈረች፤ የጠላፊዋን ጠመንጃ ይዛ ባመለጠች ጊዜም ሲያሳድዳት ተኩሳ ገደለችው። ዐቃቤ ሕግ በነፍስ ግድያ ከሰሳት። በልማዱ ዓይን ወንጀለኛዋ እርሷ ነበረች፤ የሟች ወገን ባሏን ገደለች ይል ነበርና። የማኅበሩ ጠበቆች ነገሩን ከሥሩ ገለበጡት። ባልነት በጠለፋ አይገኝም፤ የተደፈረች ልጅ ዳግመኛ እንዳትያዝ ያደረገችው ሁሉ ራስን መከላከል ነው ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱም ክርክሩን ተቀብሎ በነፃ አሰናበታት። በዚህ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ያዘጋጀው ፊልም በ2006 ዓ.ም. ለዓለም ሲቀርብ ስሙ «ድፍረት» ነበር። ቃሉ በአማርኛ ሁለት ፍች አለው፤ የጀግና ልብም ድፍረት ይባላል፣ በሴት ላይ የሚፈጸመውም በደል ድፍረት ይባላል። የአንዲቱ ልጅ ታሪክ ሁለቱንም ይዟል።

የተጠራቀመው መዝገብ ቀጥሎ ወደ ሕግ አውጪው ደረሰ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ 15 ዓመት የነበረውን የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ወደ 18 ከፍ አደረገ። በ1993 ዓ.ም. ሴቶች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሰልፍ ወጥተው በሴቶች ላይ የሚፈጸመው ጥቃት ይቁም አሉ። በመጨረሻም ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የቀድሞውን በር ዘጋ። አንቀጽ 587 ሴትን በኃይል፣ በዛቻ ወይም በተንኮል ለጋብቻ የጠለፈ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ፣ ጠለፋው ከመድፈር ጋር ሲሆን ደግሞ የአስገድዶ መድፈር ቅጣት እንዲፈጸምበት ደነገገ፤ ከጠለፋው በኋላ የተፈጸመ ጋብቻም ከወንጀል ተጠያቂነት አያድንም አለ። አንቀጽ 620 የአስገድዶ መድፈርን ቅጣት ከ5 እስከ 15 ዓመት አደረገ። በትዳር ውስጥ የሚፈጸመው የኃይል ድርጊት፣ የሴት ልጅ ግርዛትና ያለዕድሜ ጋብቻም ራሳቸውን የቻሉ ድንጋጌዎች ተሰጧቸው። በአንቀጽ 599 እና በአንቀጽ 587 መካከል 47 ዓመታት አልፈዋል።

ይህ ጉዞ እንቅፋት ያልገጠመው አልነበረም። በ1994 ዓ.ም. መባቻ የፍትሕ ሚኒስቴር የማኅበሩን ሥራ አገደ፤ እገዳው የተነሣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ከዚህ የከበደው ግን በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ነበር። ከገቢያቸው ከመቶ 10 የሚበልጠውን ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብትና በጾታ እኩልነት ሥራ እንዳይሰማሩ በመከልከሉ፣ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አብዛኞቹን ሠራተኞቹን ለማሰናበት ተገደደ። ሕጉ በወረቀት ላይ እየጠነከረ ሲሄድ፣ ቃል የሚቀበለው ጸሐፊና ፍርድ ቤት የሚቆመው ጠበቃ ቁጥራቸው አነሰ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 እስኪተካ ድረስ አሥር ዓመት ያህል ቆየ።

በዚህ መካከል፣ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ በአዲስ አበባ በታክሲ ተጠልፋ በብዙ ወንዶች ተደፍራ ሕይወቷ አለፈ። ጠለፋ የሩቅ ገጠር ልማድ ነው ብሎ ይጽናና የነበረው የከተማ ሰው ደነገጠ፤ ለልጅቱ ፍትሕ የሚጠይቅ የወጣቶች ድምፅም ተነሣ። በዚያው ጊዜ አካባቢ የተመሠረተው «ሴታዊት» የተባለው ንቅናቄ ስለ ጾታ እኩልነት የሚደረገውን ውይይት ወደ አዲሱ ትውልድ አዳረሰ። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ደግሞ ለተጠቂዎች መጠለያ በመስጠት የትግሉን ሌላ ገጽ አሟላ። ማታ የምታድርበት ቤት የሌላት ሴት የሰጠችውን ቃል ለማንሣት ትገደዳለችና፣ መጠለያው የመዝገቡ ጠባቂ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የሥራ ቦታውም ጉዳይ ዘግይቶ ስሙን አገኘ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ወሲባዊ ትንኮሳንና ወሲባዊ ጥቃትን ለይቶ ተረጐመ፤ በሥራ ቦታም ከለከለ። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ይህን በደል ቢፈጽምባት ሠራተኛዋ ያለማስጠንቀቂያ ሥራዋን ልትለቅ እንደምትችል ደነገገ። ቀድሞ «የአለቃ ጨዋታ» እየተባለ ይታለፍ የነበረው ነገር የሕግ ስም ማግኘቱ ቀላል አይደለም፤ ስም የሌለው በደል አቤቱታ አይጻፍበትምና።

የቀረው ሥራ ግን ብዙ ነው። የ1996ቱ ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲተረጕም «ከጋብቻ ውጭ» የሚል ቃል አስገብቷል፤ በዚህም ምክንያት ባል በሚስቱ ላይ የሚፈጽመው ይኸው በደል ከትርጓሜው ውጭ ሆነ። እንደዚሁም ጋብቻ ክስን እንዳያስቀር ሕጉ በሩን ቢዘጋም፣ ሽማግሌው ወደ ልጅቱ ቤት የሚሄድበትን መንገድ አንቀጽ ብቻውን ሊዘጋው አይችልም። አባት ካሳ ተቀብሎ ልጁን ከምስክርነት ቢያስቀር፣ መዝገቡ በማስረጃ እጦት ይዘጋል። ሽምግልና የተከበረ ባህል ነው፤ የድንበርንና የውርስን ጠብ ሲያበርድ ኖሯል። ተበዳይዋ በሌለችበት የሚደረግ ዕርቅ ግን በዳዩን ከራሱ ጋር ማስታረቅ ነው።

ስለዚህ የሕግ ባለሙያው፣ የፖሊሱ፣ የሐኪሙና የመምህሩ ድርሻ ግልጽ ነው። የመጣችውን ሴት ቃል በዕለቱ መቀበል፣ ማስረጃውን መጠበቅ፣ መዝገቡን ፍርድ ሳያገኝ አለማዘጋት ይጠበቅባቸዋል። በሥላሴ አጠገብ በቆመው ምክር ቤት በ1949 ዓ.ም. የተከፈተው በር በዚያው በአራዳ በተቀመጠ ምክር ቤት ተዘግቷል፤ የዘጋውም ከአርሲና ከሌሎችም አያሌ ሥፍራዎች ተሰብስቦ የቀረበው የሴቶች ቃል ነው። ነገ የምትመጣው ልጅ በሩን ስታንኳኳ፣ ብዕሩን ይዞ የሚጠብቃት ሰው መኖር አለበት።