በቀለጠ አሉሚኒየም ውስጥ የሴራሚክ ቅንጣቶችን አስተካክሎ ስለ ማሰራጨት



አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፍትጊያ ቶሎ ይበላዋል። ይህን ጉድለቱን ለማሟላት እንደ ሲሊከን ካርባይድ ያለ ጠንካራ ሴራሚክ ደቅቆ ይጨመርበታል። በ1996 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበችው የሎተስ ኤሊዝ መኪና መጀመሪያ የተገጠመላት የፍሬን ዲስክ ከዚሁ ጥምር ቁስ የተሠራ ነበር። ሆኖም ቅንጣቶቹ በአንድ ስፍራ ተከማችተው ሌላው ስፍራ ባዶ ከቀረ፣ ክምችቱ ራሱ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ማጠናከሪያ ተብሎ የገባው ነገር ማድከሚያ ሆነ ማለት ነው።

ገንፎ የምታገነፋ ሴት ዱቄቱን በአንድ ጊዜ ብትገለብጠው ይጓጉላል፤ ጓሉ ሲፈረከስ ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይገኛል። በማቅለጫው ድስት የሚደርሰው ይህን ይመስላል፤ እንዲያውም ይብሳል። ውሃ ዱቄትን ያርሰዋል፤ በ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የቀለጠ አሉሚኒየም ግን ሲሊከን ካርባይድን በወጉ አያርሰውም። ፈሳሹን የሸፈነው የኦክሳይድ ቆዳና በቅንጣቶቹ መካከል የታሰረው አየርም መግቢያ ይከለክላሉ። ስለዚህ ጥቂት ማግኒዚየም ይጨመራል፤ ዱቄቱም እርጥበቱ እንዲለቀው አስቀድሞ ይሞቃል። እሳቱን ብቻ በማብዛት ነገሩን እፈታለሁ የሚል ባለሙያ ሌላ ጣጣ ይጠብቀዋል፤ አሉሚኒየሙ ከሲሊከን ካርባይዱ ካርቦን ነጥቆ፣ ተሰባሪና ውሃ የሚያበላሸው አሉሚኒየም ካርባይድ ይፈጥራል። 9 በመቶ ያህል ሲሊከን ያለበት ቅይጥ የሚመረጠው ይህን ለመግታት ነው።

ማማሰልም የራሱ መዘዝ አለው። በኃይል የሚሽከረከር መቅዘፊያ የሚፈጥረው አዙሪት ዱቄቱን ወደ ውስጥ ሲስብ አየሩንም አብሮ ይስባል። ስኪቦና ሹስተር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዳበሩት፣ በኋላ ዱራልካን በሚል ስም የታወቀው ዘዴ፣ ማማሰሉ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ዕቃ ውስጥ እንዲከናወን ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። መቅዘፊያው ሲቆም ደግሞ ከፈሳሹ የሚከብዱት ቅንጣቶች መዝቀጥ ይጀምራሉ፤ ትልልቆቹ ይቀድማሉ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የመርጊያው ሰዓት ነው። የአሉሚኒየም ክሪስታሎች ቅርንጫፍ እያወጡ ሲያድጉ፣ ቅንጣቶቹን ከፊታቸው እየገፉ መጨረሻ በሚረጋው ፈሳሽ ውስጥ ያጉሯቸዋል። ቅዝቃዜው ፈጣን ከሆነ ቅርንጫፎቹ ይደቃሉ፤ ክምችቱም ያንሳል። ዘግይቶ በሚቀዘቅዘው ወፍራም ክፍል ግን ሥርጭቱ ይከፋል። እንግዲህ ከድስቱ ተቀድቶ ቶሎ የረጋ ናሙና ስለ ተሠራው ዕቃ በቂ ማስረጃ አይሆንም። ዕቃው ራሱ ከወፍራም ክፍሉ ተቆርጦ፣ ተወልውሎ፣ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።