የጆሮ ማዳመጫችሁን ከመጣላችሁ በፊት

ሄለን፦ ዳዊት፣ የጆሮ ማዳመጫ አንዱ ጎን ዝም ካለ ብዙ ሰው ይጥለዋል።

ዳዊት፦ አዎ፣ ግን ብዙውን ጊዜ ስፒከሩ ደህና ነው፤ የሚበጠሰው ገመዱ ነው፣ ያውም መሰኪያው አንገት ላይ።

ሄለን፦ ታዲያ ቆርጦ አዲስ መሰኪያ መበየድ ነው?

ዳዊት፦ እሱ ጥገና ነው። ማሻሻያ ከሆነ፣ ትልልቆቹ ላይ ጎኑን በስቶ የ3.5 ሚሊሜትር ሶኬት መግጠም ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ገመድ ሲበላሽ ነቅሎ መቀየር ብቻ!

ሄለን፦ ብዙዎች ግን ሽቦውን ሲበይዱ «ሊዱ አልይዝ አለን» ይላሉ።

ዳዊት፦ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች በቫርኒሽ ስለሚለበጡ ነው። መጀመሪያ ጫፋቸውን መፋቅ ወይም በካውያ ማቃጠል ያስፈልጋል።

ሄለን፦ አድማጮቻችን፣ ገመዱን ነቅነቅ አድርጉት፤ ድምፁ መጣ ሄድ ካለ፣ ችግሩ ገመዱ ነውና አትጣሉት።