ብስክሌተኛው፥ የክረምት ልብሱና ፎቶግራፉ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



አንድ መሐንዲስ የሠራውን ድልድይ በፎቶግራፍ ብቻ አሳይቶ «እነሆ፥ ጠንካራ ነው» ቢል የሚያምነው የለም። የሚጠየቀው ስሌቱንና የጭነት ፈተናውን ነው። ልብስ ግን በአብዛኛው የሚሸጠው በፎቶግራፍ ነው። ገዢው ስሌት አይጠይቅም፤ ሻጩም አያቀርብም። ልብሱ ለጌጥ ብቻ የሚለበስ ቢሆን ኖሮ ይህ ብዙ ባላስጨነቀ ነበር። በከፍተኛ ተራራ ላይ በብስክሌት ለሚጓዝ ሰው ግን ልብስ የሕይወት መጠበቂያ መሣሪያ ነው። ስለዚህ የዛሬው ርእስ ለመሐንዲሶች ጉባኤ ቀላል መስሎ ቢታይም፥ የያዘው ጥያቄ ከሙያው ጋር በጥብቅ የተሳሰረ ነው። ጥያቄውም ሥዕል ስለ ሥራ ምን ያህል ሊመሰክር ይችላል? የሚል ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በሰሜን ኢጣልያ ከሚገኙት የአልፕስ ተራራ መተላለፊያዎች አንዱ፥ ጋቪያ የተባለው፥ በምሳሌነት ይወሰድ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,621 ሜትር ነው። በአገራችን ክረምት ሲባል ዝናቡና ጭቃው ይታሰባል፤ በዚያ ግን ክረምት ማለት በረዶ ነው፤ መንገዱም በዚያ ወራት ይዘጋል። እንግዲህ መንገዱ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፥ በጥቅምት መጨረሻ ገደማ፥ አንድ አማተር ብስክሌተኛ የክረምት ልብስ ለብሶ ፎቶግራፍ እንዲነሣ በዚያ ተገኝቷል እንበል።

አማተር የሚፈለግበት ምክንያት አለው። በሙያው ሞዴል የሆነ ሰው ልብስ ማሳየትን ያውቅበታል፤ ዳገት ላይ ከኮርቻው ተነሥቶ ሲነዳ ግን ትከሻውና ጉልበቱ ያሳጡታል። ብስክሌት የለመደ ዓይን ይህን ወዲያው ይለያል። በሙያው ተወዳዳሪ የሆነው ደግሞ በቡድኑ ውል የታሰረ ነው። አማተሩ ግን በሳምንቱ ቀናት በሌላ ሥራ የሚተዳደር፥ በዕረፍቱ ቀን ስለ ፍቅሩ ብቻ ዳገት የሚወጣ ሰው ነው። ነድቶ ያሳምናል፤ ሰውነቱም ከገዢው ሰውነት የራቀ አይደለም።

ሥራው ከሩቅ ለሚያየው እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ፎቶግራፍ አንሺው አንድ የመንገድ ጥምዝ ይመርጣል። ብስክሌተኛው ሁለት መቶ ሜትር ወደ ታች ይወርድና ዳገቱን በኃይል እየረገጠ ይወጣል፤ ይመለስና ደግሞ ይወጣል። ዐሥር ጊዜ፥ ዐሥራ አምስት ጊዜ ይደጋግመዋል። በመካከሉ ደመና ፀሐይዋን ሲጋርድ ይጠበቃል፤ ሌንስ ሲለወጥ ይጠበቃል። የጃኬቱ ወገብ ከሰፋ በማይታይበት በኩል በመቆንጠጫ ይያዛል። የቀሩት ሰዎች ወፍራም ካፖርት ለብሰው ከመኪናው አጠገብ ቆመዋል። ካሜራው የሚያየው የቀላ ጉንጭ፥ ከአፍ የሚወጣ እንፋሎትና ሽብሽብ የሌለው ጃኬት ነው። የማያየው ደግሞ ከውስጥ በላብ የራሰውን ሹራብና፥ ብስክሌተኛው ቆሞ ሲጠብቅ ከወገቡ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣውን ብርድ ነው። ፎቶግራፉ ያረፈው በአንዲት ቅጽበት ላይ ነው፤ ብርዱ የሚመጣው ግን ቅጽበቷ ካለፈች በኋላ ነው።

ይህ ለምን እንደሚሆን የሙቀት ሳይንስ ይገልጠዋል። የሰው አካል እንደ ሞተር ቢታሰብ ውጤታማነቱ አነስተኛ ነው። ብስክሌት በሚነዳበት ጊዜ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ፔዳሉ የሚደርሰው ከሩብ አይበልጥም፤ የተረፈው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ ዳገት ሲወጣ 200 ዋት ለፔዳሉ የሚያቀብል ሰው ቢያንስ 600 ዋት ሙቀት ያመነጫል። ይህም ስድስት ባለ 100 ዋት አምፑሎች በጃኬቱ ውስጥ እንደ በሩ ያህል ነው። አካል ይህን ሙቀት የሚያስወግድበት ዋናው መንገድ ላብ ነው። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢተን 670 ዋት ገደማ ማለት ነው፤ የዳገቱን ሙቀት ለማስወገድ ይበቃል።

ችግሩ ላቡ ሁሉ በዳገቱ ላይ ተንኖ የማያልቅ መሆኑ ነው። ከፊሉ በጨርቁ ውስጥ ይቀራል። የቀረውም በሚያስፈልግበት ሰዓት ሳይተን በማያስፈልግበት ሰዓት ይተናል። ከጋቪያ አናት እስከ ቦርሚዮ ከተማ ያለው ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢወረድ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በሹራቡ ውስጥ 100 ግራም ውሃ ብቻ ቀርቶ በዚህ ግማሽ ሰዓት ቢተን፥ ከአካል ብቻ የሚወስድ ከሆነ በየሰከንዱ 133 ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል ማለት ነው። በዕረፍት ላይ ያለ አካል የሚያመነጨው ሙቀት ደግሞ 100 ዋት ገደማ ነው። በቁልቁለት ላይ እግሩን ያሳረፈ ብስክሌተኛ ሞተሩ ጠፍቶ ራዲያተሩ እንደሚሠራ መኪና ይሆናል።

በዚህ ላይ ነፋሱ ይጨመራል። በዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ዳገት የሚወጣ ሰው በተጋለጠ ፊቱ ላይ የሚሰማው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ያህል ነው። በዚያው አየር በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ይሆናል። ነፋሱ ከሰማይ የመጣ አይደለም፤ ብስክሌተኛው ራሱ በፍጥነቱ የሠራው ነው። በመጀመሪያ የሚደነዝዙት ጣቶች ናቸው፤ ፍሬን የሚይዙትም እነርሱ ናቸው። ከዚያ አካል ሲንቀጠቀጥ መሪው አብሮ ይንቀጠቀጣል። የአካል የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ ማስተዋል ራሱ ይደክማል፤ ሰውየው አደጋ ላይ መሆኑን የሚያውቅበት አእምሮ ከአደጋው ጋር አብሮ ይጠፋል።

እንግዲህ የተራራ ልብስ ሥራ ሙቀትን መጠበቅ ብቻ አይደለም። በዳገቱ ላይ ሙቀትንና እርጥበትን ማስወጣት፥ በቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ሁለቱንም መያዝና ነፋስን መከልከል አለበት። አንድ ዕቃ ሁለት ተቃራኒ ትእዛዝ ተቀብሏል ማለት ነው።

ይህን ጥያቄ አባቶችና እናቶች በራሳቸው መንገድ ሲመልሱት ኖረዋል። ጋቢ አራት እጥፍ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእጥፎቹ መካከል የታገተው አየር ነው የሚያሞቀው። ፀጥ ያለ አየር ሙቀትን የማስተላለፍ ኃይሉ ከውሃ ሃያ እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ነገር ግን ጋቢ ጥጥ ነውና በዝናብ ሲበሰብስ አየሩ ቦታውን ለውሃ ይለቃል፤ ያን ጊዜ ሸክም እንጂ ልብስ አይሆንም። የመንዝ ሰው ከበግ ጠጕር የተሠራ ባና መልበሱም እንዲሁ ዕውቀት ያለበት ነው። የበግ ጠጕር ከክብደቱ ሢሶ የሚጠጋ እርጥበት እንኳ ጠጥቶ ቶሎ አይረጥብም፤ ቃጫው እየተጠማዘዘ ስለሚቆም አየሩን አይለቅም። የአውሮፓ ብስክሌት ተወዳዳሪዎችም ለብዙ ዓመታት የለበሱት የሱፍ ሹራብ ነበር። በተራራው አናት ላይ ሲደርሱም ጋዜጣ ተቀብለው ከሹራባቸው በታች በደረታቸው ላይ ያደርጉ ነበር። ወረቀቱ ለቁልቁለቱ ነፋስ መከላከያ ነው፤ ከታች ሲደርሱ ይጥሉታል።

በኋላ ሰው ሠራሽ ጨርቅ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. ቦብ ጎር ፖሊቴትራፍሎሮኤቲሊን የተባለውን ፕላስቲክ በድንገት ስቦ በመዘርጋት፥ የውሃ ጠብታ የማያልፍበት የውሃ ትነት ግን የሚያልፍበት ስስ ገለፈት ለመሥራት የሚያስችለውን መንገድ አገኘ። ጎርቴክስ በሚል ስም የታወቀው ጨርቅ ከዚህ የመጣ ነው። ታላቅ ሥራ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። ትነቱ የሚወጣው በውስጥ ያለው የትነት ግፊት ከውጭው ሲበልጥ ብቻ ነው፤ የሚወጣበትም መጠን ወሰን አለው። ብስክሌተኛው ከዚያ ወሰን በላይ ካላበ፥ ወይም የጃኬቱ ፊት ከቀዘቀዘ፥ ትነቱ ከውስጥ በኩል ወደ ውሃነት ይመለሳል። ስለዚህ ከሁሉ የረቀቀው ጃኬት እንኳ ከሥሩ የተለበሰውን ሹራብና በወቅቱ የሚከፈተውን ዚፕ አይተካም።

ይህ ሁሉ የወረቀት ስሌት መስሎ እንዳይታይ፥ ያው የጋቪያ ተራራ እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1988 ዓ.ም. ያየው ነገር ይነገር። በዚያ ዕለት የኢጣልያ ዙር ብስክሌት ውድድር በዚህ መንገድ ሲያልፍ ከባድ በረዶ ወረደ። ሆላንዳዊው ዮሐን ቫን ደር ቬልደ አጭር እጅጌ ሹራብ እንደ ለበሰ ሁሉን ቀድሞ አናቱ ላይ ደረሰ። በዳገቱ ላይ የነበረው ሙቀት አላሳሳተውም፤ ያሳሳተው ቀጥሎ የመጣው ቁልቁለት ነው። ጥቂት እንደ ወረደ ብርዱ አሸንፎት ቆመ፤ መጠለያ ፈልጎ እስኪሞቅ ድረስ ከ40 ደቂቃ በላይ ጠፋበት። አሜሪካዊው አንዲ ሃምፕስተን ግን ሌላ ዝግጅት ነበረው። የቡድኑ መሪዎች የአየሩን ሁኔታ ሰምተው ቀደም ብለው ከበረዶ መንሸራተቻ ዕቃ መሸጫዎች ወፍራም ጓንትና የክረምት ልብስ ገዝተው ነበር። የዕለቱን ድል ኤሪክ ብሮይኪንክ በጥቂት ሰከንድ ቢወስድም፥ ሃምፕስተን የመሪነቱን ሮዝ ሹራብ ለበሰ፤ ውድድሩንም አሸንፎ የመጀመሪያው አሜሪካዊ የኢጣልያ ዙር ባለድል ሆነ። በዚያ በረዶ ውስጥ የተነሣው ፎቶግራፉ እስከ ዛሬ ይታያል። ጓንቱ ውብ አይደለም፤ ልብሱም የተስማማ አይደለም። ነገር ግን ማንም ሳያዘጋጀው የተነሣ ስለሆነ ይመሰክራል።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በሚላን ሳን ሬሞ ውድድር ደግሞ በረዶ ስለበዛ ተወዳዳሪዎቹ በመካከል ቆመው የተራራውን ክፍል በአውቶቡስ እንዲያልፉ ተደረገ። በዚያ ዕለት ከሌላ አምራች ጋር ውል የነበራቸው አንዳንድ ተወዳዳሪዎች «ጋባ» የተባለውን የካስቴሊ ጃኬት ስሙን በቀለም ሸፍነው ለበሱት። ስሙ ያልታየው ልብስ ከማናቸውም ካታሎግ ይልቅ ታወቀ። ምክንያቱም የመረጡት ሰዎች የተከፈላቸው ሌላውን እንዲለብሱ ነበር።

አሁን ወደ ጥምዙ መንገድ ይመለሷል። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ጀርባ ስትወርድ ሥራው ያበቃል። ብስክሌተኛው በመኪናው ጀርባ ልብሱን ያወልቃል፤ ልብሱ ተቈጥሮ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። ፎቶግራፍ አንሺው ስንት ጥሩ ሥዕል እንዳገኘ ይጠየቃል። ብስክሌተኛውን ግን ማንም አይጠይቀውም። ዕለቱን ሙሉ ልብሱን በዳገት፥ በቁልቁለትና በቆመበት የፈተነው እርሱ ብቻ ነው። ነፋሱ በየትኛው ስፌት እንደ ገባ፥ ዚፑ በጓንት ሊከፈት እንዳልቻለ፥ የጀርባው ጨርቅ ስንት ሰዓት ሳይደርቅ እንደ ቆየ የሚያውቀው እርሱ ነው። ፎቶግራፉ ለገዢው ይደርሳል፤ ዕውቀቱ ግን ከተራራው ላይ ይቀራል። ያን ሥዕል አምኖ ልብሱን የገዛ ሌላ አማተርም በሌላ ቀን ያለ መኪናና ያለ ረዳት ብቻውን ወደ ተራራው ይወጣል።

ይህን ለማረም ታላቅ ወጪ አያስፈልግም። ሹራቡና ጃኬቱ ከሥራው በፊትና በኋላ በትንሽ ሚዛን ቢመዘኑ በጨርቁ ውስጥ የቀረው ላብ በግራም ይታወቃል። መቆንጠጫው ቢነሣና ልብሱ በእውነተኛ ልኩ ቢታይ ነፋስ የሚገባበት ክፍተት ይገለጣል። ከፎቶግራፉ ሥር የዕለቱ ሙቀት፥ ከጃኬቱ በታች የተለበሰውና የነዳበት ጊዜ በሁለት መስመር ቢጻፍ ገዢው ሥዕሉን እንደ ማስረጃ ሊያነበው ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የለበሰው ሰው ይጠየቅ፤ መልሱም ወደ ስፌት ክፍሉ ይድረስ።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ በማለዳ ወደ እንጦጦ ወጥቶ ላቡ ሳይደርቅ ወደ ከተማ የሚወርድ ብስክሌተኛ ይህን ሁሉ ያለ ስሌት በጀርባው ያውቀዋል። መሐንዲስ ደግሞ በሌላ መልኩ ያውቀዋል። በምረቃ ቀን የሚነሣው የግድብ፥ የመንገድና የሕንፃ ፎቶግራፍ ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ ሪባኑም አዲስ፥ ቀለሙም ትኩስ ነው። ጎርፉ፥ ጭነቱና ስንጥቁ የሚመጡት ፎቶግራፍ አንሺው ከሄደ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የሚጠየቀው ሥዕሉ አይደለም፤ አስቀድሞ የተለካውና በውስጡ የኖረበት ሰው የተናገረው ነው። ያማረውን ማሳየት ነውር የለበትም፤ ነውሩ ያማረውን አሳይቶ ቁልቁለቱን አለመናገር ነው።