ከብቸና እስከ ሰባራ ድልድይ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በወንዝ ዳር ስለ ተቆረቆረች አንዲት ጥንታዊ ከተማ ጉብኝት እንድናገር ሥራ አስፈጻሚው በጠየቀኝ ጊዜ፣ ምሥራቅ ጎጃምን በልቡናዬ ዞርሁና እንዲህ ያለች ከተማ አጣሁ። በባልቲክ ባሕር ዙሪያ ያሉ ሕዝቦች ከተሞቻቸውን ከወንዝ አፍ ላይ ይቆረቁራሉ፤ ወንዙ መንገዳቸውም ገበያቸውም ነው። የእኛ ዓባይ ግን ከተማ አያስጠጋም። ሸለቆው ገደል፣ ቆላው ሐሩርና ወባ ነው። ስለዚህ ብቸናም ሞጣም በደጋው ላይ ተቀምጠው ወንዙን ከሩቅ ያከብሩታል፣ ይፈሩታልም። ቢሆንም ሞጣን ያለ ዓባይ፣ ይልቁንም ያለ ድልድዩ ማሰብ አይቻልምና ስለዚያው ልናገር።

ጉዞው የተደረገው በ2011 ዓ.ም. በወርኃ ጥር ነበር። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርደን፣ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀውን 303 ሜትር ርዝመት ያለውን የኅዳሴ ድልድይ ተሻግረን ደጀን ወጣን። ከዚያም ከደብረ ማርቆሱ መንገድ ተለይተን ወደ ቀኝ ታጠፍን። ብቸና የደረስነው ጤፉ ተወቅቶ ጭዱ በየአውድማው በተከመረበት ሰዓት ነው። ብቸና ሲባል የማይታወስ ሰው ቢኖር በላይ ዘለቀን የማያውቅ ነው፤ አባ ኮስትር በዚህ አገር ጠላትን አምስት ዓመት ተዋግቶ፣ ከድል በኋላም ደጃዝማች ተብሎ ብቸናን ገዝቶ፣ በመጨረሻው በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጣ። ስሙን የማነሣው ለጌጥ አይደለም። የዚያ አምስት ዓመት ተጋድሎ ከፊታችን ካለው የድልድይ ታሪክ ጋር የተቆራኘ ነው።

በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን በኩል አልፈን ሞጣ አደርን። በማግሥቱ ማለዳ ወደ ቆላው ወረድን። ቁልቁለቱን አልተርክላችሁም፤ ጉልበቴ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

ሰባራ ድልድይ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ የነበረ፣ በድንጋይና በኖራ የተገነባ ባለ ብዙ ቅስት ድልድይ ነው። ያሠሩት አፄ ፋሲል ናቸው (እ.ኤ.አ. 1632–1667)። በጢስ ዓባይ አጠገብ በአላታ ያለው ድልድይ በአባታቸው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ ነውና ይህ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ብዙ መጻሕፍት «የፖርቱጋሎች ድልድይ» ይሉታል። እኔ በዚህ ስም አልስማማም። አፄ ፋሲል የኢየሱሳውያንን መነኮሳት ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው፤ ድልድዩንም ያሠሩት በእነርሱ እጅ ነው ለማለት ይከብዳል። ኖራ አቃጥሎ የመገንባት ጥበብ በአባታቸው ዘመን ገብቶ ነበር፤ ያው ጥበብ የጎንደርን ግንቦች አቆመ። አናጺው ከየትም ይምጣ፣ ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቃጠለውና ከገደሉ ያወረደው እጅ የዚህ አገር እጅ መሆኑን እኛ የግንባታ ሰዎች ልንዘነጋው አይገባም።

ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት አርበኞች ከቅስቶቹ አንዱን አፈረሱት። በጦር ጥበብ ረገድ የሚነቀፍ ሥራ አልነበረም። የሚያሳዝነው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ቅስቱ ግን እንደ ፈረሰ ቀረ። ከስድሳ ዓመት በላይ የዚያ አካባቢ ሰው ከአንዱ ስባሪ ወደ ሌላው የሚሻገረው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በወዲያና በወዲህ የቆሙ ወንዶች እየጎተቱት፣ ከውኃው በላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ገበያተኛውም፣ ሕመምተኛውም፣ ለሠርግ የሚሄደውም እንዲሁ።

አሁን ስለ ባልቲኩ የጀመርሁት ነገር መልስ ያገኛል። በላትቪያ በቬንታ ወንዝ ላይ ኩልዲጋ የምትባል ትንሽ ጥንታዊ ከተማ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። እዚያም እ.ኤ.አ. በ1874 የተሠራ 164 ሜትር ርዝመት ያለው የጡብ ድልድይ ይገኛል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915፣ ሁለት ቅስቶቹ በፈንጂ ፈረሱ፤ በ1926 ተመልሰው ቆሙ። አሥራ አንድ ዓመት ነው። የእኛን ስድሳ ዓመት የገደል ጥልቀት ብቻ ያብራራዋልን? ተራራውን ተደግፈን ማመካኘት ቀላል ነው። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ለመንገድ ቅየሳ ሞጣ ሁለት ወር ተቀምጫለሁ። ስለ ድልድዩም በየምሽቱ ሲወራ እሰማ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልወረድሁም፤ በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ አልነበረማ!

የወረደው ሌላ ሰው ነው። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2001 ናሽናል ጂኦግራፊክ በተባለው መጽሔት ላይ ሰዎች በገመድ ሲሳቡ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አይቶ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ በዓመቱም ክፍተቱ በብረት ተሸካሚ ተደፈነ። በ2005 ግን የክረምቱ ሙላት ብረቱን ይዞት ሄደ። ድርጅቱ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2009 በአቅራቢያው ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ሠራ። ስሕተቱን ለማቃለል አይደለም የማነሣው፤ ወንዙን ሳይለካ ድልድይ የለካ እርሱ የመጀመሪያው አይደለም። ደግሞም ወድቆ ተመልሶ መጥቷል፤ እኛ ግን አንድ ጊዜም አልሄድንም ነበር።

ከስባሪው አጠገብ አንድ ሽማግሌ በግ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ሰላምታ ተለዋውጠን «አባቴ፣ በትልቁ ሙላት ጊዜ ውኃው እስከ የት ደረሰ?» አልኋቸው። ቃል ሳይመልሱ ተነሡ፤ በበትራቸው እየተደገፉ ከእኔ ራስ በላይ ወዳለ አንድ ቋጥኝ ወጡና እጃቸውን ጫኑበት። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ፤ በማስታወሻዬም ጻፍሁ። «ከዚህ በፊት የጠየቀኝ የለም» አሉኝና በጋቸውን ይዘው ወደ አዲሱ ድልድይ ሄዱ።